ድብ ባለበት አገር የሚደረግ የእግር ጉዞ

አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቀው ሰው ግልጽ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ነው። የሚከተለው ምንባብ የዚህ ዓይነት ድርሰት ነው። በምታነቡበት ጊዜ እያንዳንዱ መመሪያ ከየትኛው ምክንያት እንደሚነሣ እየለያችሁ ተከታተሉ። በምንባቡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ምንባብ

በእግር መጓዝ ለሰው ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ነጋዴው በቅሎውን አስከትሎ፣ ተሳላሚው በትሩን ይዞ፣ የቆሎ ተማሪው አኰፋዳውን አንግቦ አገር ለአገር ሲጓዝ ኖሯል። የጉዟቸው ምክንያት ቢለያይም ሁሉም ከመነሣታቸው በፊት ስንቃቸውን ያሰናዱ፣ የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ይጠይቁ፣ የት ውለው የት እንደሚያድሩ ያስቡ ነበር። በዛሬው ጊዜ ደግሞ በብዙ አገሮች ሰዎች ለመዝናናትና የተፈጥሮን ውበት በቅርብ ለማየት ሲሉ ድንኳናቸውን፣ መኝታቸውንና ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው በተራራና በጫካ ውስጥ እየተጓዙ ያድራሉ። ይህ ጉዞ መኪና ከማይደርስበት፣ ሱቅና ሐኪም ከሌለበት ስፍራ የሚያደርስ ስለሆነ፣ በቤት ሳለ የተረሳ ነገር በመንገድ ላይ አይገኝም።

በሰሜን አሜሪካ ጫካዎች የሚጓዝ ሰው ከዚህ ሌላ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለበት፤ እርሱም ድብ ነው። በዓለም ላይ ስምንት የድብ ዝርያዎች ይገኛሉ። በአፍሪካ ዛሬ በዱር የሚኖር ድብ የለም፤ በሰሜን አፍሪካ በአትላስ ተራሮች ይኖር የነበረውም ዝርያ በ19ኛው መቶ ዘመን ጠፍቷል። ስለዚህ አብዛኛው የአገራችን ሰው ድብን የሚያውቀው ወጣቱ ዳዊት አንበሳና ድብ መግደሉን ከሚናገረው የቅዱስ መጽሐፍ ታሪክ ወይም ከሥዕል ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን ሦስት ዝርያዎች አሉ፤ እነርሱም ጥቁር ድብ፣ ቡናማ ድብና በበረዷማው ሰሜን የሚኖረው ነጭ ድብ ናቸው። ከባሕር ዳርቻ ርቆ የሚኖረው ቡናማ ድብ በተለምዶ ግሪዝሊ ይባላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ከተማ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በቨርጂኒያው የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እንኳ ጥቁር ድብ አለ። በመሆኑም ስለ ድብ ማወቅ ለአንዳንድ የአገራችን ተወላጆችም ከተረትነት ያለፈ ጉዳይ ሆኗል።

የዚህ ምንባብ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ከድብ የሚመጣ አደጋ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከስንቅ ነው፤ ስንቅን በሥርዓት መያዝ ደግሞ ከቤት ሳይወጡ በሚደረግ ዝግጅት ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ እውነት የታወቀው በብዙ ጉዳት ከተፈተነ በኋላ ስለሆነ፣ አስቀድመን ታሪኩን እንመልከት።

ሀ. ከታሪክ የተገኘ ትምህርት

የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በ1872 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ ወደ 9000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ፓርክ ሰዎችና ድቦች ለብዙ ዓመታት እንደ መጽዋችና እንደ ለማኝ ሲተያዩ ኖረዋል። ከሆቴሎች የሚወጣው ትርፍራፊ በሚደፋበት ስፍራ ድቦች ሲሰበሰቡ ጎብኚዎች በተደረደሩ መቀመጫዎች ላይ ሆነው እንደ ትርኢት ይመለከቷቸው ነበር። በመኪና መንገድ ዳር የሚቆሙ ድቦችም ከመኪና መስኮት ምግብ ይወረወርላቸው ነበር። ይህ ሁሉ በጊዜው እንደ ደግነትና እንደ ጨዋታ ይቆጠር እንጂ ውጤቱ የከፋ ነበር። ከ1931 እስከ 1969 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በዚያ ፓርክ በየዓመቱ በአማካይ 48 ሰዎች በድብ ይቆስሉ ነበር።

ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደረገው ግን በ1967 ዓ.ም. በሞንታና ክፍለ ግዛት በግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ የደረሰው አደጋ ነው። ይህ ፓርክ ከተቋቋመበት ከ1910 ዓ.ም. ጀምሮ በድብ የተገደለ ሰው አልነበረም። በነሐሴ ወር በ13ኛው ቀን፣ በአንድ ሌሊት፣ በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች፣ ሁለት የተለያዩ ግሪዝሊ ድቦች ሁለት የ19 ዓመት ወጣት ሴቶችን ገደሉ። ጉዳዩ በተመረመረ ጊዜ ሁለቱን ስፍራዎች የሚያገናኝ አንድ ምክንያት ተገኘ። በአንደኛው ስፍራ፣ እንግዶች ድብ እንዲያዩ ሲባል የምግብ ትርፍራፊ ሆን ተብሎ ይደፋ ነበር፤ በሁለተኛውም ስፍራ፣ ድቡ በዚያው ክረምት ከተጓዦች ሰፈር ምግብ መውሰድ የለመደ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም እንስሳት የሰውን ሽታና የምግብን ሽታ እንደ አንድ ነገር መቁጠር ተምረው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የአሠራር ለውጥ መጣ። በየሎውስቶን ክፍት የቆሻሻ መድፊያዎች በ1970 ዓ.ም. ተዘጉ፤ ድብ የማይከፍታቸው የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ተተከሉ፤ ለድብ ምግብ መስጠትን የሚከለክለው ደንብ በጥብቅ መሠራት ጀመረ። ይሁንና የለመዱትን ያጡ ድቦች ወደ ሰው ሰፈር እየመጡ ብዙዎቹ ተገደሉ። ከአላስካ በስተቀር በሌላው የአሜሪካ ክፍል የሚኖረው ግሪዝሊ በ1975 ዓ.ም. በሕግ ጥበቃ ከሚደረግላቸው እንስሳት መዝገብ ገባ። ሰዎችና ድቦች ቀስ በቀስ ከተለያዩ በኋላ ግን በየሎውስቶን በድብ የሚቆስለው ሰው ቁጥር ወርዶ በዓመት በአማካይ ወደ አንድ ሰው ደርሷል። የጎብኚው ቁጥር በዓመት ከአራት ሚሊዮን በላይ መድረሱን ስናስብ ለውጡ ምን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ እንረዳለን።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የዮሰሚቲ ፓርክም ተመሳሳይ ምስክርነት ይሰጣል። በ1998 ዓ.ም. በዚያ ፓርክ ድቦች መኪና እየሰበሩና ሰፈር እየዘረፉ ያደረሱት ጉዳት ከ1500 ጊዜ በላይ ሲመዘገብ፣ የጠፋው ንብረት ከ600,000 ዶላር በላይ ይገመት ነበር። በኋላ ግን ምግብ የሚቆለፍባቸው የብረት ሣጥኖች በየሰፈሩ ስለ ተተከሉና ደንቡ ስለ ጠበቀ ጉዳቱ እጅግ ቀነሰ። ድቦቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የሰው የስንቅ አያያዝ ነው።

ለ. ድብ ለምን ምግብ ፍለጋ ይመጣል?

ድብ ወደ ሰው ሰፈር የሚመጣው በክፋት አይደለም። በቀዝቃዛው ወራት የሎውስቶን ድብ አምስት ወር ለሚያህል ጊዜ ጎሬው ውስጥ ተኝቶ ሳይበላና ሳይጠጣ ይቆያል። እንስቷም ግልገሎቿን የምትወልደው በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ እንስሳው ከክረምቱ የሚያሻግረውን ስብ በጥቂት ወራት ውስጥ ማከማቸት አለበት። በመኸር ወራት አንድ ግሪዝሊ በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ሊመገብ ይችላል፤ ይህም አንድ ጎልማሳ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ስምንት እጥፍ ያህል ነው።

ሥራ ሥርና የዱር ፍሬ እየለቀሙ ይህን ያህል መመገብ ብዙ ድካም ይጠይቃል። በአንጻሩ በአንድ ተጓዥ ቦርሳ ውስጥ ያለው ለውዝ፣ ዘይት፣ ቸኮሌትና የደረቀ ሥጋ በአንድ ቅጽበት የሚገኝ ሀብት ነው። ድብ የማሽተት ኀይሉ እጅግ የበረታ ነው፤ የማስታወስ ችሎታውም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ምግብ ያገኘበትን ስፍራ ደጋግሞ ይጎበኛል፤ እናት ድብም የተማረችውን ለግልገሎቿ ታስተምራለች። በገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሥጋ ወይም ያልደረቀ ቆዳ ከደጅ ከታደረ ጅብ እንደማይቀር ያውቃልና።

የሰው ምግብ የለመደ ድብ ውሎ አድሮ ሰውን መፍራት ይተዋል። ሰውን የማይፈራ ድብ ደግሞ አደገኛ ነው ተብሎ በፓርኩ ሠራተኞች እንዲገደል ይወሰንበታል። ከዚህ የተነሣ የአሜሪካ ፓርክ ጠባቂዎች የተመገበ ድብ የሞተ ድብ ነው ይላሉ። እንግዲህ በቸልተኝነት የተተወ አንድ ከረጢት ምግብ፣ ባለቤቱን ራት ከማሳጣት አልፎ፣ የእንስሳውን ሕይወትና ከእርሱ በኋላ በዚያ ስፍራ የሚያድረውን የሌላውን ተጓዥ ደኅንነት አደጋ ላይ ይጥላል።

ሐ. ከቤት ሳይወጡ የሚደረግ ዝግጅት

አበው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። የጀማሪ ተጓዥ ዝግጅት በሚከተሉት ነጥቦች ቢጠቃለል መልካም ነው።

በመጀመሪያ የጉዞው ርዝመት ከተጓዡ ዐቅም ጋር መመዛዘን አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው አንድ ሌሊት ብቻ ቢያድርና ከመኪና መንገድ እጅግ ባይርቅ ይመረጣል። ጊዜን ለመገመት በ1892 ዓ.ም. ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል። ስሌቱ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይሰጣል። ለምሳሌ 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 600 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ነገር ግን ይህ ስሌት ዕረፍትን አይጨምርም፤ ጀማሪውም ጭነት ስላለበት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሊጨምርበት ይገባል። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ድንኳን ተተክሎ ራት ተበልቶ ማለቅ ስላለበት፣ የመነሻው ሰዓት የሚወሰነው ከማታው ወደ ጧቱ በመቁጠር ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ፈቃድና መረጃ ያስፈልጋል። በየሎውስቶንም ሆነ በሼናንዶዋ በጫካ ውስጥ ለማደር የፈቃድ ወረቀት መያዝ ግዴታ ነው። ፈቃዱን የሚሰጡት ሠራተኞች የትኛው መንገድ እንደ ተዘጋ፣ ድብ በቅርቡ የታየው የት እንደ ሆነ፣ ውሃ የት እንደሚገኝና ስንቅ በምን ዓይነት ዕቃ መያዝ እንዳለበት ይናገራሉ። ደንቡ ከፓርክ ፓርክ ይለያያል። ለምሳሌ በየሎውስቶን ተጓዥ ሁሉ እንዲይዘው የሚመከረው የድብ መከላከያ ርጭት በዮሰሚቲ የተከለከለ ነው። ስለሆነም የአንዱን ፓርክ ልማድ ይዞ ወደ ሌላው መሄድ አይገባም።

ሦስተኛው የጓደኛ ጉዳይ ነው። በየሎውስቶን የሚሰጠው ምክር ቢያንስ ሦስት ሆኖ መጓዝ ነው። ሦስት ሰዎች ሲሄዱ ከሁለት ይልቅ ድምፃቸው ይሰማል፤ ድብም አስቀድሞ ሰምቶ ገለል ይላል። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ሲቆይ ሌላው ርዳታ ሊጠራ ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በጫካ መንገድም ይሠራል።

አራተኛው ጭነት ነው። ቦርሳው ከተሸካሚው ክብደት ከአምስት እጅ አንዱን ባያልፍ ይመረጣል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ12 ኪሎ በላይ አይሸከም እንደ ማለት ነው። ከጭነቱ ውስጥ የማይቀሩት ካርታና ኮምፓስ፣ ባትሪ፣ ተጨማሪ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ ክብሪት፣ ሰንጢ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ፣ ፊሽካ፣ ውሃና ከታሰበው ቀን የሚተርፍ ጥቂት ምግብ ናቸው። የእጅ ስልክ በተራራ መካከል ሞገድ ስለሚያጣና ባትሪውም ስለሚያልቅ የካርታን ቦታ ሙሉ በሙሉ ሊተካ አይችልም። የምንጭና የወንዝ ውሃ ንጹሕ መስሎ ቢታይም ሆድ የሚያውኩ ጥገኛ ነፍሳት ሊኖሩበት ስለሚችል ለአንድ ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ ደግሞ ለሦስት ደቂቃ ሊፈላ ይገባል።

አምስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ በቤት ለሚቀር ሰው በጽሑፍ መልእክት መተው ነው። መልእክቱ በየት መንገድ እንደሚሄዱ፣ የት እንደሚያድሩ፣ መቼ እንደሚመለሱና ካልተመለሱ ለማን ማሳወቅ እንደሚገባ ይገልጻል። ይህ ወረቀት ከሌለ ፈላጊ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

መ. በሰፈር ውስጥ የስንቅ አያያዝ

ድብ ምግብ የሚለውና ሰው ምግብ የሚለው አንድ አይደለም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅባት፣ ሽቶ፣ መድኀኒት፣ የከንፈር ቅባት፣ ያልታጠበ ድስት፣ ባዶ የብስኩት ወረቀት፣ ሌላው ቀርቶ ወጥ የፈሰሰበት ሸሚዝ እንኳ ለድብ አፍንጫ የምግብ ምልክት ነው። ስለዚህ ከነዚህ አንዱም ወደ ድንኳን መግባት የለበትም።

ሰፈሩ በሦስት ቦታ ይከፈላል፤ እነርሱም የመኝታ ስፍራ፣ ምግብ የሚበስልበትና የሚበላበት ስፍራ፣ እንዲሁም ስንቅ የሚቀመጥበት ስፍራ ናቸው። ሁለቱ የምግብ ስፍራዎች ከድንኳኑ 90 ሜትር ያህል መራቅ አለባቸው። ነፋሱ ከድንኳኑ ወደ ማብሰያው እንጂ ከማብሰያው ወደ ድንኳኑ እንዳይነፍስ ማስተዋልም ይጠቅማል። ሲያበስሉ የለበሱትን ልብስ አውልቆ ከስንቁ ጋር ማስቀመጥና በሌላ ልብስ መተኛት የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

ስንቅን ለማስቀመጥ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ፓርኩ ያዘጋጀው የብረት ሣጥን ሲኖር በእርሱ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ድብ ሊከፍተውም ሆነ ሊሰብረው የማይችል፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ክብ ዕቃ ነው። ይህ ዕቃ ለድብ መዳፍ መያዣ የሌለው ሆኖ ስለ ተሠራ፣ ድቡ ቢያንከባልለው እንኳ ክዳኑን ሊያነሣው አይችልም። ሦስተኛው ስንቁን በከረጢት አድርጎ ቢያንስ ከመሬት 3 ሜትር፣ ከዛፉ ግንድ ደግሞ 1.2 ሜትር ርቆ እንዲንጠለጠል ማድረግ ነው። ከግንዱ መራቁ ያስፈለገበት ምክንያት ጥቁር ድብ ዛፍ በመውጣት የታወቀ ስለ ሆነ ነው። ገመድ የመወርወሩ ሥራ በጨለማ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ የሚንጠለጠልበትን ቅርንጫፍ መምረጥ የመጀመሪያው የሰፈር ሥራ ይሁን።

ትርፍራፊን መቅበርም ሆነ ማቃጠል አይበቃም፤ ድብ የተቀበረውን ቆፍሮ ያወጣል፤ እሳትም ሽታውን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። የመጣው ሁሉ ተመልሶ በቦርሳ መውጣት አለበት።

ሠ. ድብን መለየትና በመንገድ ላይ መጠንቀቅ

የትኛው ድብ እንደ ሆነ በቀለሙ መለየት አይቻልም፤ ጥቁር ድብ ተብሎ የሚጠራው ቡናማ ሊሆን ይችላልና። አስተማማኞቹ ምልክቶች ሌሎች ናቸው። ግሪዝሊ በትከሻው ላይ እንደ በሬ ሻኛ ያለ ጉብታ አለው፤ ፊቱ ከግንባሩ ወደ አፍንጫው ጎድጎድ ያለ ነው፤ ጆሮው አጭርና ክብ ነው፤ የፊት እግሩ ጥፍር ረጅም ነው። ጥቁር ድብ ሻኛ የለውም፤ ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ጆሮው ከፍ ያለ፣ ጥፍሩም አጠር ብሎ የተቆለመመ ነው። ወንድ ግሪዝሊ በየሎውስቶን እስከ 320 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል።

ብዙ አደጋ የሚደርሰው ድብ በድንገት ሲደነግጥ፣ በተለይም ከግልገሎቿ ጋር ያለች እናት ስትሆን ነው። በመሆኑም ተጓዦች መንገዱ በሚታጠፍበት፣ ቁጥቋጦ በበዛበትና የወንዝ ድምፅ ሌላውን ድምፅ በሚውጥበት ስፍራ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መነጋገር፣ አልፎ አልፎም ማጨብጨብ አለባቸው። ንጋትና ምሽት ድብ ለምግብ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ስለሆነ መንገድን በቀን ብርሃን መጨረስ ይበጃል። የሞተ እንስሳ ሽታ ከመጣ ወይም አሞራዎች ሲያንዣብቡ ከታዩ፣ ድብ በድኑን እየጠበቀ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ መጡበት መመለስ ያስፈልጋል። በየሎውስቶን ደንብ ማንም ሰው ከድብ ቢያንስ 91 ሜትር መራቅ አለበት።

ረ. ድብ ከተገናኙ

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት መሮጥ የተከለከለ መሆኑ ነው። በ2009 ዓ.ም. ዩሴይን ቦልት 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲሮጥ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 38 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ድብ ግን በሰዓት እስከ 56 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ከዚህም በላይ የሚሮጥ ነገር የድብን የማሳደድ ጠባይ ይቀሰቅሳል።

ድቡ ሰውን ካላየ በዝግታ ዘወር ብሎ መሄድ ይገባል። ካየ ደግሞ ሰው መሆንን በለዘበ ድምፅ እያሳወቁ፣ ፊትን ሳያዞሩ ወደ ኋላ ቀስ እያሉ ማፈግፈግ ነው። ቦርሳን ወይም ምግብን ለድቡ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው፤ ሰውን ማስፈራራት ምግብ እንደሚያስገኝ ያስተምረዋልና።

ድቡ ወደ ሰው ቢሮጥ ባሉበት መቆም ይመከራል፤ ብዙ ጊዜ ድብ ለማስፈራራት ሮጦ በመካከል ይቆማል ወይም ይመለሳል። በተፈቀደበት ፓርክ የድብ መከላከያ ርጭት የሚያገለግለው በዚህ ጊዜ ነው። በቆርቆሮው ውስጥ ያለው የበርበሬና የሚጥሚጣ ማቃጠል የሚመጣበት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የድቡን ዓይን፣ አፍንጫና ሳንባ ለጊዜው ያቃጥላል እንጂ ዘላቂ ጉዳት አያደርስበትም። የሚረጨው ድቡ ከ10 እስከ 18 ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ሲደርስ፣ ከፊቱ የጭስ ግድግዳ እንዲሠራ ወደ ታች ዘንበል አድርጎ ነው። ቆርቆሮው በወገብ ወይም በደረት ላይ እንጂ በቦርሳ ውስጥ መሆን የለበትም፤ በቦርሳ የተቀበረ ርጭት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል። በልብስ ወይም በድንኳን ላይ መርጨትም ከቶ ጥቅም የለውም።

የደነገጠ ግሪዝሊ ቢደርስና ቢነካ፣ ቦርሳን ሳያወልቁ በሆድ ተኝቶ፣ እግርን ከፍቶ፣ እጆችን ከማጅራት ላይ አቆላልፎ እንደ ሞተ ጸጥ ማለት ይመከራል፤ ድቡ ሥጋቱ እንደ ተወገደ ሲያምን ይሄዳልና። ጥቁር ድብ ቢያጠቃ፣ ወይም ማንኛውም ዓይነት ድብ ሌሊት ወደ ድንኳን ቢገባ ግን መተኛት አይገባም። እንዲህ ያለው ድብ የመጣው በድንጋጤ ሳይሆን ምግብ ፍለጋ ስለሆነ፣ በድንጋይ፣ በዱላ፣ በተገኘው ነገር ሁሉ ፊቱንና አፍንጫውን እየመቱ መታገል ያስፈልጋል። ሁለቱ ትእዛዞች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ቢመስሉም ልዩነታቸው የሚመነጨው ከድቡ ሐሳብ ነው፤ አንዱ ራሱን ወይም ልጆቹን ሲከላከል ሌላው ራቱን ይፈልጋል።

ማጠቃለያ

እስካሁን ከተዘረዘሩት መመሪያዎች ብዙዎቹ ተግባራዊ የሚሆኑት ድብ ሳይታይ ነው። መንገድ መምረጥ፣ ጓደኛ ማዘጋጀት፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ስንቅን መቆለፍና ድንኳንን ከማብሰያ ማራቅ የድብን ፊት ሳያዩ የሚፈጸሙ ሥራዎች ናቸው። የመጨረሻዎቹ፣ ማለትም ርጭቱና ትግሉ፣ የፊተኞቹ ሳይሠሩ ሲቀሩ ወይም ያልታሰበ ነገር ሲያጋጥም የሚያስፈልጉ ናቸው። ጫካው የድቡ ቤት፣ ተጓዡም የአንድ ሌሊት እንግዳ ነው። ጥሩ እንግዳ ደግሞ ሲሄድ ለባለቤቱ ችግር አይተውም፤ ከርሱ በኋላ ለሚመጣው እንግዳም መንገዱን አያበላሽም።

ጥያቄዎች

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. በ1967 ዓ.ም. በግሌሸር ፓርክ የደረሱትን ሁለት አደጋዎች የሚያገናኛቸው ምክንያት ምንድን ነው?
2. 15 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 1200 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ በኔይስሚዝ ስሌት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጀማሪ ተጓዥ ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
3. ለድብ ምግብ መስጠት ድቡን የሚጎዳው እንዴት ነው?
4. ከድብ ጥቃት በአንዱ ጊዜ ጸጥ ብሎ መተኛት፣ በሌላው ጊዜ መታገል ለምን እንደሚመከር በራሳችሁ አባባል አስረዱ።

ለ. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍች ስጡ፤ በየቃላቱም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
ጎሬ፣ ሻኛ፣ ትርፍራፊ፣ ማፈግፈግ፣ ማንዣበብ

ሐ. ከምንባቡ ውስጥ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «ከዚህ የተነሣ» እና «ስለሆነም» የሚሉት አያያዦች የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ፈልጋችሁ ምክንያቱንና ውጤቱን ለይታችሁ ጻፉ።

መ. በምትኖሩበት አካባቢ ጅብ፣ ዝንጀሮ ወይም ሌላ የዱር እንስሳ ወደ ሰው መኖሪያ ወይም ወደ እርሻ የሚመጣበትን ምክንያትና ሰዎች ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ የሚያብራራ የሦስት አንቀጽ አስረጂ ድርሰት ጻፉ።